አንዱ ሱስ ለሌላው መድኃኒት ሲሆን

ውድ ልጆቼ፤

በጅማ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመድኃኒት ባለሙያነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። መድኃኒት ቤት የሚቆም ሰው እንደ ሐኪም አይመረምርም፣ እንደ ቤተሰብም ገመና አያውቅም፤ ነገር ግን ሰው ለሐኪምም ለቤተሰብም ያልተናገረውን ችግር በሚገዛው ነገር ይረዳል። ልቤ ይመታል ብሎ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የሚመጣ ወጣት፣ ለወገቤ ነው እያለ በየሳምንቱ ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚፈልግ ጎረምሳ፣ ልጇ ሌሊቱን ሙሉ እንደማይተኛ በሹክሹክታ የምትነግረኝ እናት፣ ሁሉም በፊቴ አልፈዋል። ስለ ሱስ የምትሰሙት ምክር ብዙ ጊዜ ከተግሣጽ የማያልፍ ስለሆነ፣ እኔ ከዚያ ባንኮኒ ኋላ ያየሁትን ከነራሴ ጥፋት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በ1992 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ በኋላ ከተማችን ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎችን በብዛት ማስተናገድ ጀመረች። ከእነዚህ አንዱ፣ አነጋገሩ የታረመ ዓይኑ ግን የዛለ ልጅ፣ በፈተና ሰሞን አንድ ምሽት ዲያዜፓም ለተባለው የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት የተጻፈ ማዘዣ ይዞ መጣ። ማዘዣው የተሟላ ስለነበር መድኃኒቱን ሰጠሁት። ከአሥር ቀን በኋላ ያለ ማዘዣ ተመልሶ «ጋሼ፣ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ነገ ደግሞ ፈተና አለብኝ» ሲለኝ አዘንሁለትና ጥቂት ፍሬ ቆጥሬ ሰጠሁት። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ብቻ እንዲሰጡ የተደረገበትን ምክንያት ጠንቅቄ እያወቅሁ ያደረግሁት ስለሆነ ማመካኛ የለኝም። ወር ሳይሞላ፣ አረቄ ጠጥቶ በላዩ ላይ ከሌላ ቦታ ያገኘውን ትራማዶል ስለወሰደ እንደሚጥል በሽታ ጥሎት፣ ጓደኞቹ ተሸክመው ሆስፒታል እንዳደረሱት ሰማሁ።

ልጁ ዳነ፤ ትምህርቱን አንድ ዓመት አቋርጦ ተመልሶ ተመረቀ። ሊሰናበተኝ በመጣ ዕለት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ «ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር» አለኝ። ይህን ከሰማሁ ብዙ ዓመት ቢያልፍም እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በዚያው በመሰናበቻው ዕለት ጠየቅሁት፤ እሱም ነገረኝ። ጫት የጀመረው በአንደኛ ዓመት ሌሊት ለማንበብ ነበር። ምርቃናው ሲያልፍ ልቡ እየመታ አሳቡም እየሮጠ መተኛት ስላቃተው ለጨብሲ ቢራ፣ የቢራ ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ አረቄ ተከተለ። አረቄው ያስተኛውና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያባንነዋል፤ ስለዚህ የእንቅልፍ ፍሬ ተጨመረበት። ጠዋት ራሱ ከብዶት፣ ሰውነቱ ታስሮ ሲነሣ ከዚያ ሐራራ የሚያላቅቀው ያው ጫት ሆነ። ይህ ልጅ መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ መተኛት፣ ከዚያም መንቃት ፈለገ፤ አንዱ ነገር ያመጣበትን ጣጣ በሌላው ሲያክም ዓመት ሳይሞላው በሦስት ሱስ ተያዘ። ከእሱ በኋላ በጠየቅኋቸው ብዙ ወጣቶች ዘንድ ያገኘሁት ይህንኑ ሰንሰለት ነው፤ የሚለያዩት በመጀመሪያው ቀለበት ብቻ ነው።

ይህ የሚሆንበትን መንገድ በሙያዬ ላስረዳችሁ። ጫት ዋና ኃይሉን የሚያገኘው ካቲኖን ከሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ካቲኖን በ2 ቀን ገደማ ውስጥ በኃይሉ ወደሚያንሰው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ትኩሱን ለማድረስ የሚሽቀዳደመው። ካቲኖን አንጎል ዶፓሚን የተባለውን የደስታ ስሜት የሚያመጣ ንጥረ ነገር በብዛት እንዲለቅ ያደርጋል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ረኃብን ያስረሳል፣ ድካምንም ለጊዜው ይሸፍናል። የተሸፈነው ድካም ግን የትም ስላልሄደ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። አልኮልና ዲያዜፓም በተቃራኒው አንጎልን የሚያደነዝዙ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ ምሽት ሲገናኙ ትንፋሽን እስከማቆም ሊደርሱ ይችላሉ። ትራማዶል ሲበዛ ሰውን እንደሚጥል ከላይ ነግሬያችኋለሁ። በዚሁ ላይ ለሚቅም ሁሉ የምነግረውን አንድ ነገር ልጨምር፦ አምፒሲሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ከቅሚያ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ ቅሚያው ካበቃ ከ2 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ግን መቀነሱ እምብዛም ነው። መድኃኒቱ አልሠራልኝም እያለ የሚመለስ ሰው ሲመጣ ይህንንም መጠየቅ ተምሬያለሁ።

ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ጫት መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጫት በሀገራችን ሕጋዊ ሸቀጥ ነው፤ በአካባቢያችን ከቡናው ጎን ተተክሎ ቤት የሚያቆምና ልጅ የሚያስተምር ሰብልም ነው። በዱዓ ላይ የሚቅሙ ሽማግሌዎችን አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ገበሬውን ወይም ሽማግሌውን በመስደብ የሚጀምር ምክር ልብ ውስጥ ይገባል ብዬ አላምንም። ሽማግሌው ግን ምግቡን በልቶ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ወስኖ፣ ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ይቀመጣል፤ እናንተ በባዶ ሆድ፣ በተዘጋ ክፍል፣ በየቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት ስትቀመጡ ስሙ ይመሳሰል እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ማንኛውንም ነገር ከመጀመራችሁ በፊት፣ ከጀመራችሁም ዛሬ፣ «ይህ ነገር ምን እንዲያደርግልኝ ነው የምወስደው?» ብላችሁ ራሳችሁን እንድትጠይቁ ነው። መልሱ ፈተና ከሆነ፣ በቂ እንቅልፍ ያላገኘ አንጎል ያነበበውን በደንብ አይዝምና፣ ንባቡን ከሴሚስተሩ መጀመሪያ በየቀኑ ከፋፍሎ አብሮ የሚያነብ ጓደኛ መያዝ ከሌሊቱ ቅሚያ የበለጠ ያተርፋል። መልሱ ብቸኝነት ከሆነ ደግሞ፣ ከቤት ርቆ አዲስ ከተማ የገባ ልጅ ሰው መራቡ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በበርጫው ላይ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ሳይሆን አብሮ መቀመጡ እንደሆነ ከብዙዎች ሰምቻለሁ። መልሱ ጭንቀት፣ ሐዘን ወይም ለሰው የማይነገር በደል ከሆነ ግን ለአንድ ሰው ንገሩት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

ወንድማችሁ ወይም የክፍል ጓደኛችሁ ተይዞ እንደሆነ ደግሞ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። ጫት ያቆመ ሰው ለጥቂት ቀናት ይዝላል፣ ይከፋዋል፣ በእንቅልፉ ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ይህ ያልፋል፤ ውኃ፣ ምግብና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ወይም ዲያዜፓም የወሰደ ሰው ግን በአንድ ቀን ሲያቋርጥ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥና ሊጥለው፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ልጃቸውን ከሱስ ለማላቀቅ ቤት ዘግተው ያስቀመጡ፣ ያሰሩም ወላጆች አጋጥመውኛል፤ ያደረጉት ከፍቅር የተነሣ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው በሐኪም ክትትል፣ መጠኑ እየተቀነሰለት ነው ማቆም ያለበት። ሰዎች ይከታተሉኛል የሚል ወይም የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነም ሳይውል ሳያድር ወደ አእምሮ ሕክምና ይወሰድ። ጸበል የሚወስዱት፣ ቁርኣን የሚያስነብቡለትም ቤተሰቦች እምነታቸውን ይያዙ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ብቻ አያስቋርጡት።

ሸክሙን ሁሉ በእናንተ ላይ መጫን ደግሞ ፍትሕ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ባለ ግሮሰሪው ግን ዕድሜ ሲጠይቅ እምብዛም አላየሁም። እንደ እኔ ያለ ማዘዣ ፍሬ የሚቆጥር ባለሙያም የዚህ ጥፋት ተካፋይ ነው። አንድ ወጣት በጥቂት ብር ማንም ሳይገላምጠው ግማሽ ቀን የሚቀመጥበት ቤት መቃሚያ ቤት ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኛ የታላላቆች ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ተቆልፈው የሚያድሩ አዳራሾችና የመማሪያ ክፍሎች አምፖል በርቶላቸው ለንባብና ለጨዋታ ቢከፈቱ፣ ጡረተኛ መምህራን በየተራ ቢቀመጡባቸው፣ ወጪው ብዙ አይሆንም። ይህን ለሰፈሬ ሰዎች ነግሬያለሁ፤ እናንተም ብትጠይቁ ድምፃችሁ ከእኔ ይልቅ ይሰማል።

ለሕክምናው ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ እዚሁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ለሱስም ወደዚያው ይኬዳል። ስትሄዱ የምትወስዱትን ፍሬ ከነማሸጊያው ያዙ፤ ምን ያህል እንደምትወስዱ፣ ምን ያህል እንደምትጠጡና እንደምትቅሙ ሳትቀንሱ ተናገሩ፤ ሐኪሙ የሚያስተካክለው በነገራችሁት ልክ ነውና። በሩ ላይ ቆማችሁ ሰው ያየኝ ይሆን ብላችሁ የምትመለሱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብቻውን መግባት የከበደው ቢኖር፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ የለኝምና፣ አብሬው እሄዳለሁ፤ ወረፋውንም አብረን እንጠብቃለን።