በቻይና ልጆች ለምትነጻጸሩ ተፈታኞች

ይድረስ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፤

ስልካችሁ ላይ የሚዞረውን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ አንድ ቻይናዊ ልጅ ደብተሩ ላይ ተደፍቷል፤ ከመጽሐፉ ክምር የተነሳ ፊቱ አይታይም። ከዚያ አንዱ አጎት ይነሳና «እናንተ ቲክቶክ ላይ ተጥዳችሁ ትውላላችሁ፣ የቻይና ልጅ ግን...» ብሎ ይጀምራል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። ቻይና ተምሬያለሁ፤ አገሬ ከተመለስኩም በኋላ በመንገድ ሥራ ከቻይኖች ጋር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ማታ ሻይ ላይ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ጋኦካኦ ላይ ነበር። ልጅ የዳረ ሰው እንኳ ያኔ ስንት እንዳመጣ አይረሳም። ስለዚህ አጎታችሁ ያልነገራችሁን ልንገራችሁ።

ጋኦካኦ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 30 ይጀምራል። አብዛኛው ቦታ ድምሩ ከ750 ነው፤ ቻይንኛ፣ ሒሳብና የውጭ ቋንቋ እያንዳንዳቸው 150 ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም 13.42 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦለታል። በፈተናው ቀን ትምህርት ቤቶቹ አካባቢ ግንባታ ይቆማል፣ ሹፌር ጥሩምባ አይነፋም። እናቶች ገድ ይሆናል ብለው ቺፓዎ የሚባለውን የቻይና ባህላዊ ቀሚስ፣ ቀዩን፣ ለብሰው በር ላይ ይጠብቃሉ።

በማኦ ዘመን በባህል አብዮቱ ተቋርጦ የነበረው ፈተና እ.ኤ.አ. በ1977 ሲመለስ 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈትኖ የገባው 270 ሺህ ገደማ ነበር። ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ዛሬ ግን ከዕድሜ እኩዮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሆነ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ይገባል። ታዲያ ጭንቀቱ ለምን አልቀነሰም? ጥያቄው «ገባህ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «የት ገባህ?» ስለሆነ ነው። ቀጣሪው የዩኒቨርሲቲውን ስም ያያል። ስማቸው የከበደው ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ቦታቸውንም በየግዛቱ ኮታ ነው የሚያከፋፍሉት። ሄናን ግዛት በአንድ ዓመት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ተፈታኝ አለው። የቤጂንግ ልጅ ቤጂንግ ያሉትን ትልልቆቹን ለመግባት ያለው ዕድል ከሄናኑ ልጅ በብዙ ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ የገበሬ ልጅ ሌላ በር የለውምና ፈተናውን የሚያጣጥል ቻይናዊ ብዙ አልገጠመኝም። «ቢያንስ በዘመድ አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ወሳኙ ከሌሎቹ ተፈታኞች ስንተኛ መውጣትህ ስለሆነ ክፍል ግድግዳ ላይ «አንድ ነጥብ ጨምር፣ ሺህ ሰው ጣል» የሚል መፈክር ይለጠፋል።

አሁን ወደ እኛ ማትሪክ እንምጣ። በ2015 ዓ.ም 845 ሺህ ያህል ተማሪ ተፈትኖ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 27,267 ነበር፤ 3.2 ከመቶ መሆኑ ነው። ይህን ያመጣው ፉክክር አይደለም። ጎረቤታችሁ 50 ስላመጣ የእናንተ 50 አይቀነስም። ጉድለቱ ከታች ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመ ነው፤ መጽሐፍ ያልደረሰው አለ፣ የፊዚክስ መምህር ሳይኖረው ዓመት የጨረሰ አለ። ስለዚህ ወርክሺት መደበቅ ምን ይጠቅማል? ሰብሰብ ብላችሁ አጥኑ፤ የገባው ላልገባው ያስረዳ። ዲፓርትመንት ምደባ ላይ ፉክክር እንዳለ አውቃለሁ። እሱ ካለፋችሁ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው።

ከቻይኖቹ መውሰድ ካማራችሁ የስህተት ደብተራቸውን ውሰዱ። የአንድ ባልደረባዬን ልጅ ደብተር አገላብጬ አይቻለሁ። የተሳሳተችውን ጥያቄ እንዳለ ትገለብጠዋለች። ከሥሩ በቀይ የተሳሳተችበትን ምክንያት ትጽፋለች፦ ቀመሩን ረስቼ፣ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ፣ ቸኩዬ። ከሳምንት በኋላ መልሱን በወረቀት ሸፍና እንደገና ትሠራዋለች። ሦስት ገጽ ሙሉ የመቀነስ ምልክት ስለዘለለችባቸው ጥያቄዎች ብቻ ነበር! አራተኛው ገጽ ላይ ግን ያ ስህተት የለም። እኛ ጋ ልጁ ፈተናውን አይቶ «ኤጭ፣ ይህን እኮ አውቀዋለሁ» ብሎ ይጥለዋል። ከዚያ ዋናው ፈተና ላይ ያው ስህተት ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። አጎታችሁ ያላያት ይህችን ነው። ቻይና ውስጥ ከምሳ በኋላ ትምህርት ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ልጆቹ ዴስክ ላይ ተደፍተው ያሸልባሉ። ትንሽ ትራስ ይዞ የሚመጣ አለ። ሌሊቱን በችከላ አድሮ ጠዋት የሚፈዝ ልጅ ምንም አልጨመረም።

የማትወስዱትንም ልንገራችሁ። አንሁዊ ግዛት ውስጥ ማኦታንቻንግ የምትባል ከተማ አለች፤ ኑሮዋ በአንድ ግዙፍ መሰናዶ ትምህርት ቤት ላይ የቆመ። ብዙ እናቶች ሥራቸውን ትተው እዚያ ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ለልጃቸው ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ውጤት ይጠብቃሉ። ፍቅር ነው፣ አልክድም። ልጁ ግን ፈተና ክፍል የሚገባው የእናቱን ዓመታት ተሸክሞ ነው። እናንተም ቤት «ያለንን ሁሉ አንተ ላይ አፍስሰናል» የምትል ንግግር ካለች፣ ፈተና እስኪያልፍ ትቅር በሏቸው። በትህትና ንገሯቸው፤ ካልሰሟችሁ የሚሰሙት አንድ ትልቅ ሰው ፈልጉ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ አልወርድ ካለ፣ «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ጋኦካኦን ሁለቴ ወድቆ በኋላ በአሊባባ ኩባንያው ቢሊየነር ስለሆነው ስለ ጃክ ማ ሆን ብዬ አላወራሁም። አብረውት የወደቁትን ቃለ መጠይቅ ያደረገላቸው የለም።

ካልመጣስ? ቻይና ውስጥ አንድ ዓመት ደግሞ መፈተን የተለመደ ነው፤ ለደጋሚዎች ብቻ የተከፈተ ክፍል አለ። እኛም ጋ ድጋሚ መፈተን አለ፣ ለሚፈቀድለት ሪሚዲያል አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። መንገድ ሥራ ላይ ከነበሩኝ ምርጥ ሰርቬየሮች ውስጥ ማትሪክ ያላለፉ ነበሩ፤ ወጣት መሐንዲሶቻችን የመንገዱ ከፍታ ልክ ሲጠፋባቸው የሚጠይቁት እነሱን ነበር። ውጤት ሳይመጣ ከእነዚህ የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን አጣሩ፤ የምዝገባው ጊዜ አጭር ነው።