ትኩሳቱ የወባ ነው ወይስ የመድኃኒቱ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በቅርቡ ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ተጀምሮለታል፤ በየወሩ የሚወጋው የፍሉፌናዚን መርፌም አለ። ሐኪሙ «ትኩሳት ካያችሁ ሳታሳድሩ አምጡት» ብሎናል። የምንኖረው ወባ ባለበት ቆላ ስለሆነ ትኩሳት ብርቅ አይደለም። በምን እንለየው? እጁም ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩም ይዝረበረባል።
እህቱ፣ ከመተሐራ

መልስ፦ ሐኪሙ የፈራው ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም የሚባለውን ነው። እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ዋናው ምልክት ከትኩሳቱ ጋር የሚመጣው መገተር ነው። ክንዱን ያዙና ክርኑ ላይ አጥፉት። ወባ የያዘው ሰው ቢንዘፈዘፍም ክንዱ ይታጠፋል፤ የዚህኛው ግን እንደ ብረት ቧንቧ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይገትራል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገር ወይም ጭራሽ ዝም ማለት ከታከለበት ጊዜ አትስጡት። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በዝምታው ነው፤ ሕመሙ የተነሣበት ይመስላቸውና ተጨማሪ እንክብል ይሰጡታል።

መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግድ የሰውነት ሙቀት መቆጣጠሪያ ይዛባል። የተገተረው ጡንቻም ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ እየፈረሰም ኩላሊት ይጎዳል፤ የሽንት መጥቆር የዚህ ምልክት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወይም መጠኑ ሲጨመር ነው። የፈሳሽ እጥረት ያባብሰዋል። ለመንቀጥቀጡ የሚሰጠውን አርቴን የሚባለውን እንክብል የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ላብን ስለሚቀንስ በእናንተ ሙቀት ውሃ አብዝቶ ይጠጣ፣ ጥላም አይለየው።

ከተጠራጠራችሁ የሚቀጥለውን እንክብል አትስጡት። ላብራቶሪና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት፤ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ያዙ፣ መርፌውን የተወጋበትን ቀንም ተናገሩ። እንክብል ሲቆም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል፤ መርፌው ግን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ክትትሉ ይረዝማል። በመንገድ ላይ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙት። ከደነዘዘ በአፉ ምንም አትስጡ፤ ትን ይለዋል። የወባ ምርመራው «አለበት» ቢልም እንኳ ከመድኃኒቱ ችግር ነፃ ነው አትበሉ፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። የጡንቻን መፍረስ የሚያሳየው የክሬአቲን ካይኔዝ የደም ምርመራ እንዲሠራለት ጠይቁ። ስላስመለሰው ሜቶክሎፕራማይድ ሊወጉት ከሆነ የሚወስደውን መድኃኒት ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እሱም ዶፓሚንን ያግዳል።

መንቀጥቀጡና ለሃጩ ብቻቸውን ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይቆያሉ። አንገቱ ከተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ከተሰቀለ ወይም ምላሱ ከወጣ ግን በዚያው ቀን ይታይ፤ ቤት ውስጥ «ያዘው» የሚባለው ይህ ሊሆን ይችላል፣ በመርፌ ግን ቶሎ ይለቃል። ድምፁ ከታነቀ ወይም ሲተነፍስ ጉሮሮው ከጮኸ የመተንፈሻው ጡንቻ ተጨምድዷል ማለት ነው፤ ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ክሎዛፒን የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ትወስዳለች። በየሳምንቱ ደም መስጠቷ ግድ ነው?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አዎ፣ በመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት። መድኃኒቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የነጭ የደም ሕዋስን በአደገኛ ሁኔታ ያመናምናል። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ የሚቀጥለውን ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደሟ ይታይ። በመጀመሪያው ወር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ ምት መፍጠን ካለ ልቧ ይመርመር፤ የልብ ጡንቻ ሊቆጣ ይችላል። የሆድ ድርቀቱንም አይናቁት። ሦስት ቀን ሰገራ ካልወጣትና ሆዷ ተነፍቶ ካስመለሳት አንጀቷ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።