ለጽንሰታ ሌሊት የታየው እሳት

ጥያቄውን የላከችልኝ አንዲት እህት ናት፤ የጻፈችው ከደብረ ብርሃን ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ 7 ለሚውለው ለጽንሰታ በዓል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ከእናቴ ጋር ለሰዓታት ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን ነበር። ደመናው ገለጥ ብሏል። ድንገት አረንጓዴ የሚመስል ትልቅ እሳት ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ። ጥላችን መሬት ላይ ታየ። ድምፅ ግን የለውም፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ጸጥታው ነው። ምጽአት መስሎኝ ተንበረከክሁና ‹እመቤቴ፣ ለልጄ ካቆየሽኝ በየዓመቱ በእግሬ ግሸን እመጣለሁ› ብዬ ተሳልኩ። ልጄ 8 ወሩ ነው፤ ገና ይጠባል። ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኩትም። እናቴ ደግሞ ‹ኮከብ ከወደቀ ሰው ይሞታል› ብላ፣ ሪያድ ስላለው ወንድሜ ስታለቅስ ሰነበተች። ጎረቤታችን ‹ኮከቡን አስቆጥሩለት› ትላለች። ያየነው ምልክት ነው? ስለቴን ካልፈጸምኩስ ይያዝብኛል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለወንድምሽ ደውሉለት። እናትሽ ድምፁን ትስማው። ሌላውን ከዚያ በኋላ እናውራ።

ያያችሁትን «ተወርዋሪ ኮከብ» እንለዋለን እንጂ ኮከብ አይደለም። ምድራችን በየዓመቱ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ስዊፍት ተትል የሚባል ጅራታም ኮከብ ጥሎት በሄደው አቧራ ውስጥ ታልፋለች። ጅራታሙ ኮከብ ራሱ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 133 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ፀሐይ የቀረበው በ1985 ዓ.ም. ነው። አቧራው ግን በየዓመቱ ያገኘናል። ቅንጣቶቹ በሰከንድ 59 ኪሎ ሜትር ያህል እየተወረወሩ አየሩን ሲመቱ ይነዳሉ። አብዛኞቹ ከአሸዋ ፍሬ አይበልጡም። ጠጠር የሚያህል ሲገባ ግን እንዳያችሁት ዓይነት ይሆናል። የሚነደው ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ታች ሳይደርስ ያልቃል። ድምፅ ያልሰማሽው ለዚህ ነው።

በብዛት የሚታዩት ደግሞ ነሐሴ 6 እና 7 ላይ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። አንቺ ያየሽበትን ቀንና ሰዓት ሳስበው ከእነዚህ አንዱ ይመስለኛል። በፍልሰታ ለሰዓታት የሚነሣ ሕዝብ ይህን ሰማይ ከማንም ይልቅ ያያል። አያቶቻችንም ደመናው በተገለጠላቸው ቁጥር አይተውታል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

በጥር 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የታየውን ታስታውሺው ይሆናል። እሱ እየተቆራረሰ ነበር ያለፈው። ባለሙያዎችም የሰማይ አለት ወይም የመንኮራኩር ስብርባሪ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። በዚያው ሰሞን በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰው ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ያዘንኩት በፍርሃቱ ላይ ተመልካች በሚሰበስቡት ነው። በክርስቶስ ስም እየማለ ቀን የሚቆርጥ ሰው አትስሚ። ጌታ ለሐዋርያቱ እንኳ ወራትንና ዘመናትን ማወቅ ለእናንተ አልተሰጣችሁም ብሏቸዋል (ሐዋ. 1፥7)።

«ታዲያ ምልክት ነው ወይ?» ላልሽው፣ በሩን ጨርሼ አልዘጋውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታ ከሰማይ ታላቅ ምልክት እንደሚሆን ተናግሯል። ይህን አላየሁም ብዬ አልፌው አልሄድም። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አትደንግጡ ይላል። መጨረሻው ወዲያው አይሆንምም ይላል። ኤርምያስም «ከሰማይ ምልክት አትፍሩ» ብሎ የጻፈው ሰማዩን እያዩ ለሚሸበሩ ሰዎች ነው (ኤር. 10፥2)። ሰብአ ሰገልን የመራቸውን ኮከብ አስቢ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እንደሌሎቹ ከዋክብት አልነበረም ብሎ አስተምሯል፤ በቀን ይታያል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ያ ኮከብ ሰዎቹን ሕፃኑ ፊት አድርሶ አሰገዳቸው። ያስጨነቀው ሄሮድስን ነው። ያየሽው ነገር ወደ ጸሎት ከወሰደሽ ጥሩ። ወደ ኮከብ ቆጣሪ ከወሰደሽ ግን መንገዱ የሄሮድስ ሆኗል።

ስለዚህ ኮከብ ማስቆጠሩ ይቅር። ጎረቤትሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰው የሚለው ሲጠፋው ነው እንዲህ የሚለው። ቤተ ክርስቲያን ግን አትፈቅደውም። የሰው ዕድሜ በፈጣሪው እጅ ነው፤ በኮከብ አልተጻፈም። እናትሽንም አትቆጫት። ደመና በሌለበት ማታ ደጅ አውጫትና ሰማዩን አሳያት። አንድም ኮከብ አልጎደለም። የወደቀው ጠጠር ነው።

የአብነት ተማሪ ሳለሁ ሌሊት ደጅ ተቀምጠን የቃል ትምህርት ስንቀጽል እንዲህ ያለ ብርሃን አለፈ። ልጆች ነንና ጮኽን። አንዱማ ተነሥቶ ሮጠ። የኔታ ቀና ብለው አዩና «ስብሐት ለእግዚአብሔር» አሉ። ከዚያ ያቋረጥነውን ውዳሴ ማርያም ራሳቸው ጀመሩልን። ስለ እሳቱ ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳይ የሚቀድመኝ ያ ቃል ነው። አንቺም ደግመሽ ብታዪ አማትቢ፣ አመስግኚ። «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» የሚለውን የዳዊት መዝሙር ካስታወስሽ ደግሞ በይው። መንበርከክሽም ደግ ነው፤ እሱን አትጸጸቺበት።

የከበደኝ ስለትሽ ነው። ስለት በአፍ ወጥቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ይላል (መክ. 5፥5)። በሌላ በኩል ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 30ን ተመልከቺ። ባለትዳር ሴት ብትሳል፣ ባሏ በሰማበት ቀን ቢከለክላት ስለቱ አይጸናም፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይላታል። ሕጉ ቤተሰብን የሚነካ ስለት በአንድ ሰው ድንጋጤ ብቻ እንደማይቆረጥ ያውቃል። ባለቤትሽ እስካሁን አለመስማቱ ልክ አይደለም። ዛሬውኑ ንገሪው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። የለመንሽው ለልጅሽ እንድትቆዪለት ነው። የተሳልሽው ግን ከልጅሽ የሚያርቅሽን ነው። ከደብረ ብርሃን ግሸን እስካለችበት አምባሰል በእግር፣ ያውም በየዓመቱ! የሚጠባ ልጅ ይዘሽ ነው ወይስ ጥለሽ? እመቤታችን የእናትነትን ነገር ታውቀዋለች። ከጡት ነጥላ ልጅሽን የምታስለቅስብሽ አይምሰልሽ።

ግሸንን መሳለም ትልቅ በረከት ነው፤ መስከረም 21 እዚያ መገኘትን እኔም እመኛለሁ። እንዴትና መቼ የሚለውን ግን ለንስሐ አባትሽ አቅርቢው። የፈራሽውን፣ ያልሽውን ቃል፣ የልጁን ዕድሜ፣ ባለቤትሽ ያለውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ልጁ ጡት እስኪጥል ያቆዩልሽ ይሆናል። አንድ ጊዜ በመኪና ሄደሽ ተሳለሚ ሊሉሽም ይችላሉ። ወይም አቅምሽ በሚችለው ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት ይለውጡልሽ ይሆናል። የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የተሰጠው ለካህናት ነው። እሳቸው ሳይወስኑ ስለቱን ራስሽ አትፍቺው፤ መንገዱንም ራስሽ አትጀምሪው።