ቡችላው ከመግባቱ በፊት ግቢው ይታይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ለገጣፎ ነው። የግቢያችን ፊት ለፊት ሲሚንቶ፣ ጓሮው አፈር ነው። ባለፈው ሐምሌ የሁለት ወር ቡችላ አምጥተን በአምስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘውና ሞተብን። ልጆቼ እስካሁን ያነሱታል። አሁን ጎረቤታችን ስድስት ሳምንት የሞላው ሌላ ቡችላ ሊሰጡን ነው። የውሻ ቤት አሠርተናል። ምን እናብላው? ሌላስ ምን ይቀረናል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ከምግቡ በፊት የሚቀድመው አፈሩ ነው። የገለጹት ምልክት የፓርቮ (የቡችላን አንጀት የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ) ይመስላል። በሽታው ከተያዘ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ስለሚታይ ቡችላው ከመጣበት ይዞት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ከየትም ይምጣ፣ ቫይረሱ ጥላ ባለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ ጓሮው አሁንም ያሰጋል።

ሲሚንቶውን ማጽዳት ይቻላል። መጀመሪያ በኦሞ ፈትገው ያጥቡት፤ ጭቃና እዳሪ ካለበት በረኪናው ኃይሉን ያጣል። ከዚያ አንድ የቡና ስኒ (70 ሚሊ ሊትር ገደማ) በረኪና በሁለት ሊትር ውሃ በጥብጠው ያፍስሱበት፤ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የቀድሞው ቡችላ የተኛበትን ጨርቅ ያቃጥሉ። አፈር ላይ ግን በረኪና ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው፤ አፈሩ ራሱ መድኃኒቱን ይጨርሰዋል። ጓሮውን በሽቦ ወይም በጣውላ ይለዩት፤ ቡችላው ክትባቱን ጨርሶ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው አይርገጠው። እናንተም በጓሮው ጫማ በረንዳው ላይ አትውጡ።

ጎረቤትዎን ሁለት ሳምንት እንዲታገሡ ይለምኗቸው። ስድስት ሳምንት ይቀድማል፤ ቡችላ ንክሻውን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። የመጀመሪያውን ጥምር ክትባት (ፓርቮንም የሚከላከለውን) እዚያው እያለ ያስወጉትና ወጪውን እርስዎ ይሸፍኑ። ቀጣዮቹ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይሰጣሉ፤ የመጨረሻው 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። ብዙ ሰው አንዱን አስወግቶ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፦ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ገና ሳይጠፋ የተሰጠ ክትባት ላይሠራ ይችላል፤ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጠዋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ሐኪሙ ቤት ድረስ ከመጣ በበረዶ ይዞት እንደመጣ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። የትል መድኃኒትም በክብደቱ ልክ ይሰጠው።

ወደ ምግቡ እንምጣ። እስከ ሦስት ወሩ በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወሩ ሦስት ጊዜ ይብላ። በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ የለመደውን ራሱን ይስጡት፤ ከዚያ በየሁለት ቀኑ ሩቡን በአዲሱ እየተኩ ይለውጡ፤ በድንገት ከተለወጠ ያስቀምጠዋል። ወጥ አይሆነውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ይጎዳሉ። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። በግ ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ካያችሁ ጥሬውን አትጣሉለት፤ ቋጠሮው በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከእዳሪው ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

የውሻ ቤቱ ለኋላ ይቆይ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት ውስጥ፣ አልጋችሁ አጠገብ፣ በካርቶን ይደር። እናቱ የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ ለምነው ያምጡለት። ሙቅ ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ጎኑ ቢቀመጥ ለቅሶው ይቀንሳል። እንደነቃ፣ እንደበላና እንደተጫወተ ወዲያው ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ያውጡት፤ ማታ 4 ሰዓትና ሌሊት 9 ሰዓት ላይም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ካመለጠው አይምቱት፤ ከመታችሁት ሶፋ ሥር ተደብቆ መሽናትን ነው የሚማረው።

አጥሩንም ተንበርክከው ይዩት። የቆርቆሮው ሥር ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ካለው ቡችላ ያሳልፋል፤ ጠርዙም ይቆርጠዋል። በድንጋይና በሲሚንቶ ይደፈን።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቀን ቀን በሰንሰለት ካልታሰረ ጠባቂ አይሆንም ይላል። የሦስት ወር ቡችላ ነው።
አንባቢ፣ ከሰበታ

መልስ፦ አይታሰር። ውሻ ከሰው የሚላመድበት ዋና ጊዜ ከሦስተኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ የቀራችሁ ትንሽ ነው። ክትባቱ ካላለቀ ታቅፋችሁ በር ላይ ቁሙ፤ ባጃጁን፣ ጋቢ የለበሱትን አባት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች ይይ። በሰንሰለት ያደገ ውሻ ሁሉም ላይ ስለሚጮህ የጩኸቱን ትርጉም መለየት ያስቸግራል፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቀን ደግሞ መጀመሪያ የሚነክሰው የጎረቤት ልጅ ነው። እናንተ አካባቢ ሌሊት ጅብ እንደሚወርድም ታውቃላችሁ። የታሰረ ውሻ ጅብ ሲመጣበት መሸሻ የለውም።