መምህርሽ «ሙት መስክ ነው» ስላሉት ነገር

ደብዳቤሽ ውስጥ አራት ጥያቄ አለ፤ እኔ ግን አንዱ ላይ ሙጭጭ ልል ነው፣ ይቅርታሽን። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ጸሐፊዋ 24 ዓመቷ ነው፣ ቻይንኛ ተምራ ዘንድሮ ትመረቃለች። በቻይና፣ በታይዋንና በሆንግ ኮንግ ስላሉ የዜጎች ማኅበራትና ንቅናቄዎች ማስተርስ መሥራት ትፈልጋለች። አጎቷ ግን አንድ የቻይና ፋብሪካ ውስጥ የአስተርጓሚ ሥራ አግኝተውላታል፤ «እንጀራሽን ገፍተሽ የሰው አገር ሰልፍ ልታጠኚ ነው?» ይሏታል። መምህሯ ደግሞ «እዚያ ሲቪል ማኅበረሰብ የሚባል ነገር የለም፣ ሙት መስክ ነው» አሏት።

የኔ እህት፣ መምህርሽን አከብራለሁ፣ ይሄ አባባላቸው ግን አናዶኛል።

ከታይዋን ልጀምር። ወታደራዊ ሕጉ (ማርሻል ሎ) በ1949 ታውጆ በ1987 ነው የተነሳው (ዓመቶቹ ስለ አገራችን አዋጅ ካወራሁባቸው በቀር እንደ ፈረንጅ ናቸው)። 38 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። በዚያ መሀል፣ በ1966፣ ሁዋሊየን በምትባል የምሥራቅ ጠረፍ ከተማ አንዲት የቡድሃ መነኩሲት 30 የቤት እመቤቶችን አሰባስበው አንድ ነገር ጠየቁ፦ ሁልጊዜ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት 50 ሳንቲም የቀርከሃ ቱቦ ውስጥ ጣሉ። በወር አንዴ ጠቅለል አድርገን ብንሰጥስ ሲባሉ አልተቀበሉም፤ ስለ ሌላው ሰው ማሰብ በየቀኑ መሆን አለበት አሉ። ወሬው በገበያው ተዛመተ፣ ሌላውም መክተት ጀመረ። ዛሬ ያ ማኅበር፣ ጹ ቺ ይባላል፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲ አለው፣ በብዙ አገር አደጋ ሲደርስ ይደርሳል። እድር ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

የአደባባይ ተቃውሞው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1990 ተማሪዎች ዋና ከተማዋ ታይፔ ላይ ለተቃውሞ ተቀመጡ፣ በ1996 ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጠ፣ በ2014 ደግሞ ከቻይና ጋር የተፈረመ የንግድ ስምምነትን የተቃወሙ ወጣቶች ምክር ቤቱ ውስጥ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አደሩበት። ሁሉም ሰው ፎቶውን ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ኢንተርኔት የዘረጉላቸውና ስብሰባውን በቀጥታ ያስተላለፉላቸው ልጆች ናቸው። ጋቭ ዜሮ የሚባል የበጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ስብስብ አለ፤ በ2012 ነው የተጀመረው፤ ግራ የሚያጋባውን የመንግሥት በጀት ማንም እንዲያነበው አድርጎ መልሶ መሥራት ነበር ጨዋታቸው። ከዚያው መንደር የወጡት ኦድሪ ታንግ በ2016 ካቢኔ ገቡ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ የትኛው ፋርማሲ ስንት ማስክ እንደቀረው የሚያሳይ ካርታ በቀናት ውስጥ የሠሩት እንዲህ ዓይነት ልጆች ነበሩ፤ መንግሥት መረጃውን ለቀቀላቸው፣ እነሱ ሠሩት።

ዋናው ቻይናስ? በ1994 ቤጂንግ ውስጥ «የተፈጥሮ ወዳጆች» የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ተመሠረተ። በ2007 የሺያሜን ነዋሪዎች በሞባይል መልእክት ተጠራርተው ከተማቸው ሊተከል የነበረውን የኬሚካል ፋብሪካ ተቃወሙ፤ ሰልፍ ፈቃድ ስለሚፈልግ «ወጣ ብለን እየተንሸራሸርን ነው» አሉ፤ ፋብሪካው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። በ2008 የሲቹዋን መሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ከአገሪቱ ጫፍ ሁሉ በጎ ፈቃደኛ በራሱ መኪና ተነስቶ ሄደ። ከዚያ መድረኩ ጠበበ። በ2015 የመብት ጠበቆች በጅምላ ታሰሩ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የውጭ ድርጅት እዚያ ለመሥራት የሚመዘገበው ፖሊስ ዘንድ ነው፣ ያውም ኃላፊነት የሚወስድለት የቻይና መሥሪያ ቤት ካገኘ። ጠበበ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። የበጎ አድራጎት ሕጉ ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፣ በሞባይል የሚዋጣው ገንዘብም ቀላል አይደለም።

ሆንግ ኮንግ ሌላ ታሪክ ነው። በ1973 የተቋቋመውና ወደ 95,000 አባላት የነበሩት የመምህራን ማኅበር በ2021 ራሱን አፈረሰ። ቤጂንግ ለሆንግ ኮንግ ያወጣችው የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ከወጣ አንድ ዓመት ብቻ አልፎት። ያን ሁሉ ዓመት የቆመ ማኅበር እንዴት ነው በወራት የሚፈርሰው? ንብረቱ የት ሄደ? ሠራተኞቹስ? ይሄ ጥያቄ ብቻውን ማስተርስ ነው። ታዲያ መስኩ የሞተው የት ጋ ነው?

አሁን ወደ አንቺ ልዙር። «ስለ ንቅናቄዎች» ብለሽ የጻፍሽው ነገር ሰፊ ነው፣ እንዲያውም ሜዳ ነው። ማኅበራት እንዴት እንደሚመዘገቡ፣ ብር ከየት እንደሚያገኙና ሕጉ ሲለወጥ እንዴት እንደሚተርፉ አጥኚ። ደረቅ ይመስላል፣ አውቃለሁ። እኔ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ሲወጣ አንድ የመብት ማኅበር ውስጥ ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ። ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች መብት ነክ ሥራ እንዳይሠሩ ተከለከሉ። ንግግር አሳማሪዎቹ ተበተንን፤ የሒሳብና የምዝገባ ሰዎች ግን በነጋታው ሌላ ቦታ ይፈለጉ ነበር። ሒሳብ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ እስካሁን የሚያበላኝም እሱ ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1113 ተተክቷል። የሕግ መጥበብና መስፋት ምን እንደሚያደርግ አገርሽ ላይ ያየሽ ልጅ ነሽ። ታይፔ ያለ ተማሪ ይሄ የለውም።

የት ልማር ላልሽው፦ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያዊ በአንጻሩ ቅርብ ነው፤ በጎ አድራጎትን የሚያጠኑ ክፍሎችም ቤጂንግ ውስጥ በቺንግኋና በቤጂንግ ኖርማል ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ርዕስሽ ግን የበጎ አድራጎት ሕግና ገንዘብ ይሁን። የመብት ሰው ላነጋግር ካልሽ እዚያ ሆነሽ አይሆንም፤ አንቺ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ፣ ያነጋገርሽው ሰው እዚያው ይቀራል። ነጻ ሆነሽ መጠየቅ ከፈለግሽ ታይዋን ይሻላል፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ ስለሌላት ወረቀቱ ያንከራትትሻል፣ ከወዲሁ ጀምሪ። እዚያ የሚጻፈው አንቺ በተማርሽው ቀለል ያለ ፊደል ሳይሆን በጥንቱ ነው፣ ማታ ማታ ተለማመጂ።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። ሥራ ማግኘታቸው ደግ ነው። ሥራ ያገኘልሽ ሁሉ ግን ዕድሜሽን ይወስንልሽ ማለት አይደለም። የሦስት ታናናሾችሽን ወጪ «ያንቺ ነው» ሲሉሽ፣ እሳቸው ሁለት ቤት እያከራዩ መሆኑን አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ። ቁጭ ብለሽ አንድ የወር መጠንና የሚያበቃበትን ቀን ንገሪያቸው። ይቀየማሉ። ይቀየሙ።

ሥራውን ግን ያዢ። ሁለት ዓመት ሥሪ። የፋብሪካ አስተርጓሚ የደመወዝ ክርክር፣ የሠራተኛ አቤቱታ፣ የቀበሌ ስብሰባ ሁሉ በጆሮዋ ያልፋል፤ ቻይንኛሽም ከክፍል ቻይንኛነት ይወጣል። ለማመልከቻና ለቲኬት የሚሆን ብርም ትቆጥቢያለሽ።

እንግሊዝኛሽ በስድስት ወር ይስተካከላል፣ አትጨነቂ። 24 ዓመት «ዕድሜዬ ሄደ» የሚባልበት አይደለም፣ በዚህ እንኳ ሳቅሁ።

የጥናት ሐሳብሽን በአንድ ገጽ ጻፊና ላኪልኝ። አንድ አገር፣ አንድ ዓይነት ማኅበር፣ አንድ ሕግ። ከዚያ በላይ ካስገባሽበት ሳላነብ እመልሰዋለሁ።