የቀይ መንደር ጫካና ድብቁ ሳጥን፦ ጥያቄና መልስ

ከሲያትል ብዙ ሳይርቅ፣ ኒውካስል ከተማ ዳርቻ ባለውና ድሮ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በነበረው የኩገር ማውንተን ጫካ፣ ከልጆቼ ጋር ጂኦካሺንግ በሚባል ጨዋታ ድብቅ ሳጥን ስንፈልግ መዋላችንን ጽፌ ነበር። ጥያቄው በዛ፤ ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጂኦካሺንግ የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» እያልን ያደግንበት ድብብቆሽ ነው። የሚደበቀው ግን ሰው ሳይሆን ሳጥን ነው፤ ፈላጊውን የሚመራው ደግሞ የስልኩ ጂፒኤስ። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ባቆመ ማግስት፣ አንድ ሰው ኦሪገን ጫካ ውስጥ ባልዲ ደብቆ ያለበትን ነጥብ አሳወቀ። ጨዋታው ከዚያ ተነሣ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉኝ። የተተወ ማዕድን ማውጫ አጠገብ መውሰዱ አያሰጋም?

መልስ፦ ከመንገዱ ካልወጡ አያሰጋም፤ ከወጡ ያሰጋል። እዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1863 እስከ 1963 ድረስ የድንጋይ ከሰል ተቆፍሯል። ኒውካስል ስሙን የወሰደው ከእንግሊዙ የከሰል ከተማ ሲሆን፣ ከሲያትል የተነሣው ባቡርም በ1878 የደረሰው ከሰሉን ፍለጋ ነው። ዛሬ የእግር መንገዱ የሚጀምርበት ቦታ «ሬድ ታውን» (ቀይ መንደር) ይባላል፤ የማዕድን ሠራተኞቹ ቤቶች ቀይ ቀለም የተቀቡ ስለነበሩ ነው። ቤት ግን አይጠብቁ። የቀረው የታሸገ የጉድጓድ አፍ፣ ጥቂት ኮንክሪትና ዛፍ ብቻ ነው። ይህን ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የእኔ ልጅ «ታዲያ ከተማው የት አለ?» እያለ ግማሹን መንገድ አኩርፏል።

አደጋው ከእግር በታች ነው። ቆፋሪዎቹ ወደ ላይ በቀረቡበት ቦታ መሬቱ እየሰመጠ ጎድጓዳ ሆኗል፤ ስለዚህ ታጥሯል። ስልኩ ከአጥሩ ወዲያ ቢጠቁምዎት፣ ተሳስቷል ብለው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይችሉታል?

መልስ፦ ጫካው ውስጥ እስካለው ኮል ክሪክ ፏፏቴ ደርሶ መልስ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገትም አለው። ፎርድ ስሎፕ የሚባለው የታሸገ የከሰል ጉድጓድ ግን ከመኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው፤ ቡናውን በፔርሙዝ ይዛችሁ እዚያው አረፍ ይበሉ። በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ስለሆነ ብዙ አይቀርባቸውም። ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ ሳማ አለ። ሳማውን እናትዎ ከሁላችሁም ቀድመው ይለዩታል።

ጥያቄ፦ ስልኩ «ደርሰሃል» ይለኛል፤ ሳጥን ግን የለም።

መልስ፦ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ምልክቱ ይዋልላል፤ አሥር ሜትር ቢስት አይግረምዎ። ስልኩን ኪስዎ ከተው ጉቶና ሥር ሥሩን ይመልከቱ፣ ወይም ለልጆቹ ይተዉላቸው። አይቆፍሩ። የጨዋታው ደንብ ሳጥን መቅበርን ስለሚከለክል መሬት ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ብንተው ቀጥሎ የመጣው ሰው ወቀሰን። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ደግ አስባችኋል፤ ግን ምግብ አይገባም። ሽታው አውሬ ይጠራል፣ ድብም አለ። ሕጉ አንድ ዕቃ የወሰደ እኩያውን ይተካል ነው፤ ትንሽ መጫወቻ ይበቃል። ሳጥኑ ውስጥ ባለው የፈላጊዎች መዝገብ ላይ ስማችሁን በአማርኛ ጻፉ፣ ማንም አይከለክላችሁም። እርሳስ ግን ያዙ፤ በዚያ ዝናብ የራሰ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም።