ለኮሶ ደም ሰጥቼ አይቻለሁ፤ አንተ አትስጥ

ወንድሜ፣ «ፍኖተ ሰላም ነኝ፣ ኮሶ ሳይኖርብኝ አይቀርም፣ ክሊኒኩ ደም ስጥ ብሎኛል፣ በደም ይታወቃል ወይ?» ላልከው፣ ሳትከፍል ይህችን አንብባት። እኔም እንዳንተው የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ቁርጥ ነፍሴ ነበር።

1. አንጀት ውስጥ የተቀመጠ የበሬ ሥጋ ኮሶ የሚታወቀው በሰገራ ነው እንጂ በደም አይደለም። ኢኦሲኖፊል የሚባለው የደም ሕዋስ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። እሱ ግን በአለርጂም በሌላ ትልም ከፍ ይላል።

2. ያየኸውን ሳታፍር ተናገር። እኔን ያከሰረኝ ማፈሬ ነው። ለፋሲካ ጥሬ ሥጋ በላሁ። ሐምሌ ላይ ሱሪዬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አገኘሁ፤ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የዱባ ፍሬ የሚያህል። ትሉ አድጎ ቁራጭ መጣል እስኪጀምር ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ክሊኒክ ስገባ ግን ሐኪሟ ወጣት ሴት ሆነችብኝና «ሆዴን ያመኛል፣ ይደክመኛል» ብቻ ብዬ ዝም። ደም ተቀዳ። ውጤቱን ገምት! ታይፎይድና ታይፈስ። በዚህ አገር ደም ሰጥቶ ታይፎይድና ታይፈስ ሳይባል የወጣ ካለ እጁን ያውጣ። መድኃኒቱን ዋጥኩ፤ ቁራጩ ግን መውረዱን አልተወም።

ቀጥሎ የሠራሁት የባሰ ነው። ባሕር ዳር ሄጄ «የኮሶ የደም ምርመራ አድርጉልኝ» ብዬ በገዛ አፌ ጠየቅኩ። ደም ሠልጠን ያለ ምርመራ መስሎኝ፣ ሰገራ መስጠቱ ደግሞ አሳፍሮኝ። ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል ተባለ፤ 2,400 ብር። ሁለት ሳምንት ጠብቄ የመጣው ወረቀት የአሳማ ኮሶ እጭ ሰውነቴ ውስጥ አለመኖሩን ይናገራል። የያዘኝ ሌላ፣ የተመረመርኩት ሌላ! ብሬን ብጠይቅ ገንዘብ ተቀባዩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ነጌቲቭ ሆኖልህ ተመስገን አትልም?» አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እርግጥ ያ ምርመራ ቦታ አለው። የአሳማ ኮሶ እንቁላል ትሉ ካለበት ሰው ሰገራ በእጅና በምግብ ይተላለፋል፤ አሳማ አንበላም ብለን አናመልጠውም። እጩ አንጎል ከገባ የሚጥል ሕመም ያመጣል። ያኔ የጭንቅላት ምስልም ደምም ይታያል። የአጎቴ ልጅም ከውሻ በሚመጣው ትል ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በአልትራሳውንድ ተገኝቶበት ደም ሰጥቷል። አንተንም የሚጥልህ ነገር ካለ የኮሶ ክኒን ሳትውጥ ንገራቸው። እጩ አንጎል ውስጥ ሲሞት እብጠት ሊያስነሳ ይችላል።

3. ሞጣ ያሉት አክስቴ ናቸው የገላገሉኝ። ስነግራቸው ሳቁ። «ይኼማ ኮሶ ነው! ምን ደም ያስቀዳሃል?» ብለው የኮሶ አበባ ሊወቅጡልኝ ተነሡ። እሱን አልደፈርኩም፤ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። ቁራጩን በብልቃጥ አድርጌ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የላብራቶሪው ልጅ ገና ሲያየው ፈገግ አለ። ተመዝኜ 60 ኪሎ ሆንኩና አንዲት ባለ 600 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል የሚባል የኮሶ መድኃኒት ተሰጠኝ። አንዲት ክኒን! ያንተን እነሱ ይመዝኑልህ።

ደግሞ አንድ ቀን ሰገራ ሰጥተህ «ምንም የለም» ቢሉህ አትመን። እንቁላሉ በየቀኑ አይወጣም፤ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ስጥ። በማይክሮስኮፕ የበሬውና የአሳማው እንቁላል አንድ ዓይነት ስለሆነ ቁራጩን ይዞ መሄድ ይሻላል። የትሉ ራስ ከቀረ መልሶ ያድጋል፤ እኔ በሦስተኛው ወር ተመልሼ ታይቼ ነው ነፃ የተባልኩት።

የብልቃጡን ክዳን ግን አጥብቀው። የእኔው ብልቃጥ ባጃጅ ውስጥ ተከፍቶ ሾፌሩ መንገድ ላይ አውርዶኛል።